8 ቀበሌ፣ 1,554 ቤት፦ ለክላስተር ትራያል ይህ ናሙና ይበቃል?

የሳቢያን ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁም። የማስተርስ ፕሮፖዛሌን እየጻፍኩ ነው፣ የናሙና መጠኑ ላይ ስደርስ ግን እርግጠኛ መሆን አቃተኝ። ስራው እዚሁ ድሬዳዋ ከተማ ነው። የከተማችን የውሃ ነገር መቼም ይታወቃል፤ በፈረቃ ስለሚመጣ በርሜል፣ ሮቶ ወይ ጀሪካን የሌለበት ግቢ ማግኘት ይከብዳል። ትንኝ ደግሞ እዚያው ውስጥ ነው የምትራባው። እ.ኤ.አ. በ2013 ደንጊ፣ በ2019 ቺኩንጉንያ፣ በ2022 ደግሞ አኖፌለስ ስቴፈንሲ ከምትባለው የወባ ትንኝ ጋር የተያያዘው የወባ ወረርሽኝ፣ ሁሉም ድሬ ላይ ነው ያለፉት።

ሃሳቤ ቀላል ነው። የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ቤት ለቤት እየዞሩ በርሜሉን በልኩ የሚዘጋ የወንፊት ክዳን ያድላሉ። በሳምንት አንዴም የበርሜሉ የውስጥ ጎን በብሩሽ እንዲፈተግ ያሳያሉ፣ ምክንያቱም የደንጊዋ ትንኝ እንቁላሏን የምትለጥፈው ከውሃው ከፍ ብሎ ጎኑ ላይ ስለሆነ ውሃውን መድፋት ብቻ አያጠፋውም። በመጨረሻ እጭ የተገኘባቸው ቤቶች ከ40 በመቶ ወደ 30 በመቶ ወርደዋል ወይ የሚለውን እለካለሁ።

የከተማው ቀበሌዎች 9 ናቸው። 8ቱን ወስጄ፣ እያንዳንዱን ቀበሌ እንዳለ እንደ አንድ ክላስተር (ስብስብ) ቆጥሬ፣ 4ቱን ለኢንተርቬንሽን (ክዳን ለሚያገኙት)፣ 4ቱን ለኮንትሮል (ለማያገኙት) በዕጣ ልመድብ ነው። ስሌቱ እንዲህ ነው፦ በ95 በመቶ ኮንፊደንስና በ80 በመቶ ፓወር (ለውጡ በእርግጥ ካለ ጥናቱ የማየት ዕድሉ) ለአንድ ወገን 353 ቤት፣ ለሁለቱ 706። ዲዛይን ኢፌክቱን፣ ማለትም የአንድ ሰፈር ቤቶች ስለሚመሳሰሉ ናሙናው የሚባዛበትን ቁጥር፣ 2 ስለው 1,412። ለማይገኙ ቤቶች 10 በመቶ ጨምሬ 1,554። ይበቃል? አድቫይዘሬ «2ን ከየት አመጣሽው?» ብሎ መልሶልኛል።

ለገሀሬ፦
አቦ ይበቃል፣ ምን ያስጨንቅሻል! እኔ ያየኋቸው ቴሲሶች በሙሉ ወይ 2 ወይ 1.5 ነው የሚሉት። «ከዚህ በፊት በተሠሩ ጥናቶች መሠረት» ብለሽ አስገቢው። 1,500 ቤት እኮ ትንሽ አይደለም፣ የዳታ ሰብሳቢ አበል ሲመጣ ታዪዋለሽ።

ቁጥር ከጀጎል፦
አድቫይዘርሽ ትክክለኛውን ጥያቄ ነው የጠየቀሽ እህቴ። ጊዜ ካለሽ ረጋ ብለሽ አንብቢው፣ ረዘም ይላል።

መጀመሪያ 2 ከየት እንደመጣ። በጣም የሚታወቀው ምንጩ የዓለም ጤና ድርጅት የክትባት ሽፋን ዳሰሳ ነው፤ 30 ክላስተር ተመርጦ ከእያንዳንዱ 7 ልጅ የሚታይበት። 50 በመቶን በ10 ነጥብ ስህተት ለመገመት 96 ልጅ ይበቃል። እሱን በ2 ሲያባዙት 192 ሆነ፣ 30 በ7 ደግሞ 210 ነው። በቃ። ያ 2 ለክትባት ዳሰሳ፣ በአንድ ክላስተር 7 ልጅ ብቻ ለሚታይበት ስራ የተወሰደ ግምት ነው። አንቺ ግን በአንድ ቀበሌ 177 ቤት (1,412 ለ8 ሲካፈል) ልታዪ ነው፣ የምትሠሪውም ዳሰሳ ሳይሆን ትራያል ነው። ቁጥሩ ከዚያ ተነስቶ እዚህ የሚደርስበት መንገድ የለውም።

ቀመሩ ይኸው፦ ዲዛይን ኢፌክት = 1 + (በአንድ ክላስተር የሚታዩ ቤቶች − 1) × አይሲሲ።

አይሲሲ በአንድ ሰፈር ያሉ ቤቶች ምን ያህል እንደሚመሳሰሉ የሚናገር ቁጥር ነው። 0 ከሆነ ጎረቤታሞች ከከተማው ማዶ ካለ ቤት የበለጠ አይመሳሰሉም፣ 1 ከሆነ ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው። ያንቺን ነገር አስቢው። ውሃ በአንድ ቀን ይመጣላቸዋል፣ በአንድ ቀን ይቋረጥባቸዋል። የምትጎበኛቸው ባለሙያ አንድ ናት። እዚህ ግቢ የተፈለፈለችው ትንኝ አጥር ዘላ እዚያ ግቢ ትጥላለች። ስለዚህ መቶኛው ቤት የሚነግርሽን አብዛኛውን ነገር ከፊቱ ካሉት ቤቶች ሰምተሽዋል።

አይሲሲው 0.05 ነው እንበል። 177 ቤት ሲሆን ዲዛይን ኢፌክቱ 1 + 176 × 0.05 = 9.8 ነው። 2 አይደለም። በአንድ ወገን ያሉሽ 708 ቤቶች በ9.8 ሲካፈሉ 72 ቤት ይሆናሉ። የሚያስፈልግሽ 353 ነበር። ፓወርሽ 80 ሳይሆን 24 በመቶ ገደማ ነው። ክዳኑ በእርግጥ ቢሠራ እንኳ ከ4 ጊዜ 3ቱን «ለውጥ አላየንም» ብለሽ ትጽፊያለሽ ማለት ነው። ያንን ሪፖርት ያነበበ የጤና ቢሮ ደግሞ ክዳኑን ይተወዋል። እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው፤ ጥሩ ነገር በደካማ ጥናት ይሞታል።

ለገሀሬ፦
እሺ መምህር፣ ካነሰ ቤት ትጨምራ። በአንድ ቀበሌ 177 የነበረውን 354 ብታደርገውስ?

ቁጥር ከጀጎል፦
ጥሩ አነሳኸው፣ ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። በእጥፍ እናሳድገው። ዲዛይን ኢፌክቱም አብሮ ያድግና 18.65 ይሆናል። 4 × 354 = 1,416፣ ለ18.65 ሲካፈል 76። ቤቱ በእጥፍ ጨምሮ ያገኘነው 4 ቤት ነው! ፓወሩ ከ24 ወደ 25 በመቶ ቢጠጋ ነው።

ጣሪያም አለው። የክላስተሩን ቁጥር ለአይሲሲ አካፍል፦ 4 ÷ 0.05 = 80። ከተማውን በሙሉ ቤት ለቤት ብትቆጥር፣ በአንድ ወገን ያለህ መረጃ ከ80 ቤት መረጃ አይበልጥም። ፓወሩም 27 በመቶ ሳይሞላ ይቆማል። ይሄ ሁሉ ደግሞ በዜድ፣ ማለትም ለብዙ ክላስተር በሚሆነው ሰንጠረዥ፣ ሲሰላ ነው። በ8 ክላስተር የሚሠራ ትንተና የቲ ሰንጠረዥን ስለሚጠቀም ትክክለኛው ከዚህም ያንሳል።

ቤት በማብዛት ፓወር አይገዛም። ፓወር የሚመጣው ክላስተር ሲበዛ ነው። ኢፒ ኢንፎ የሚባለው ሶፍትዌር ላይ ሁለት መቶኛ የሚያወዳድረው መስኮት አይሲሲ ስለማይጠይቅ ብዙ ሰው ይሄን ሳያየው ያልፋል። ሌላው ሶፍትዌር ስታታ ከ15ኛው እትሙ ጀምሮ የፓወር ትዕዛዙ ላይ የክላስተር አማራጭ አለው፤ አር ላይም ክላስተርፓወር የሚባል ጥቅል አለ። በእጅም ይሠራል፣ እያየነው ነው።

ቢዮ አዋሌ፦
ውይይቱ ሰርቷል። እኔ ገጠር ነኝ፣ በመጸዳጃ ቤት ላይ ተመሳሳይ ነገር ልሠራ አስቤ ነበር። የድሬዳዋ ገጠር ቀበሌዎች 38 ናቸው። 19 በ19 ብከፍላቸውስ? የኔም ቁጥር ከ40 ወደ 30 ነው እንበል።

ቁጥር ከጀጎል፦
የክላስተሩ ቁጥር አስቀድሞ ከታወቀ ቀመሩን ገልብጠው። መጀመሪያ ይቻላል ወይ ብለህ ጠይቅ፦ 353ን በአይሲሲ አባዛው፣ ውጤቱ በአንድ ወገን ካለህ የክላስተር ቁጥር ማነስ አለበት። በ0.05 ሲሆን 17.65 ነው። ያንተ 19 ስለሆነ ለጥቂት ታልፋለህ። ከዚያ በአንድ ቀበሌ የሚያስፈልገው = 353 × (1 − አይሲሲ) ÷ (19 − 17.65)። ሲሰላ 249 ቤት። በ38 ቀበሌ 9,462 ቤት! የማስተርስ ተማሪ የሚችለው አይደለም።

አሁን አይሲሲውን 0.02 አድርገው። 353 × 0.02 = 7.06። በአንድ ቀበሌ 29 ቤት፣ በጠቅላላው 1,102። አየህ? ከ0.05 ወደ 0.02 ስትወርድ ከ9,462 ወደ 1,102 ቤት ወረድክ። ለዚህ ነው አይሲሲን ከሰማይ መቅዳት የማይቻለው።

ቢዮ አዋሌ፦
ታዲያ ከየት ላምጣው?

የከዚራ ባዮስታት፦
እዚህ ጋ ልግባ። ለመጸዳጃ ቤት ጥሩ ዕድል አለህ፣ የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ አለ። የ2016ቱ 645 የቆጠራ ቦታዎች ነበሩት፤ ዳታው ላይ የክላስተር ቁጥር ስላለ ፈቃድ ጠይቀህ አውርደህ አይሲሲውን ራስህ ማስላት ትችላለህ። ዳታውን ካላገኘህ ሪፖርቱ መጨረሻ ላይ የናሙና ስህተት ሰንጠረዥ አለ። ግን ተጠንቀቅ፣ እዚያ የተጻፈው ዴፍት ነው እንጂ ዴፍ አይደለም። ዴፍት የዲዛይን ኢፌክቱ ካሬ ሩት ነው። 1.6 ካለ ዲዛይን ኢፌክቱ 2.56 ነው። እንዳለ ገልብጦ 1.6 ብሎ የጻፈ ስንት ፕሮፖዛል አይቻለሁ መሰለህ።

የሳቢያን ልጅ ግን ሌላ ናት። የበርሜል እጭ እዚያ ዳሰሳ ውስጥ የለም። ከተመሳሳይ የትንኝ ጥናቶች የታተመ አይሲሲ ብትፈልጊ ይሻላል። የክላስተር ትራያል የሪፖርት መመሪያው፣ ኮንሶርት የሚባለው፣ ከ2004 ጀምሮ ጥናቶች አይሲሲያቸውን እንዲያወጡ ይጠይቃል። ከ6 ሰፈር ፓይለት ሠርተሽ የምታገኚውን አይሲሲ ብቻውን አትመኚው። ከጥቂት ክላስተር የተሰላ አይሲሲ እጅግ ሰፊ ኮንፊደንስ ኢንተርቫል ነው የሚኖረው፣ አንዳንዴ 0 ወይም ከዚያ በታች ይወጣና ሰውን ያሳስታል።

የሳቢያን ልጅ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። መምህር፣ የእርስዎን ስሌት ሁለቴ ደግሜ ሠራሁት፣ ልክ ነው። እንግዲህ ከተማው ውስጥ 9 ቀበሌ ብቻ ከሆነ ያለው፣ ስራውን ልተወው ማለት ነው?

ቁጥር ከጀጎል፦
በፍጹም አትተዪው! ክላስተር ማለት የግድ ቀበሌ ነው ያለው ማነው? ቀበሌ የአስተዳደር ወሰን ነው፣ ትንኟ አታውቀውም። ሰፈሩን በካርታ ከፋፍለሽ ትናንሽ ክላስተር አውጪ። ጎጃም ላይ የተሠራው የትራኮማ ትራያል፣ ታና የሚባለው፣ ሙሉ ቀበሌ ሳይሆን 72 ንዑስ ቀበሌ ነው በዕጣ የመደበው።

በአንድ ክላስተር 20 ቤት ብትለኪ፦ ዲዛይን ኢፌክት 1 + 19 × 0.05 = 1.95። 353 × 1.95 = 688 ቤት። ለ20 ሲካፈል 35 ክላስተር። ለጥንቃቄ በየወገኑ 1 ይጨመራል፣ ሄይስና ቤኔት በ1999 ባወጡት ቀመር ላይ ያለው ያ «1 ሲደመር» ለዚህ ነው፤ 36 ሆነ። በድምሩ 72 ክላስተር፣ 1,440 ቤት። ከነበረሽ 1,554 ያንሳል! ቤቱ አነሰ፣ ፓወሩ ግን ከ24 ወደ 80 ወጣ።

ሸዋ በር፦
መምህር፣ ይሄ ነገር ሐረር ላይ ይሠራል ወይ? እኔ ጀጎል ውስጥ ባደርገው ብዬ ነው። ሰፈሩ ጥቅጥቅ ስላለ ለዳታ ሰብሳቢም ቀላል ነው።

ቁጥር ከጀጎል፦
ጀጎል ተወልጄ ያደግኩበት ነው፣ ግን ለዚህ ጥናት አልመክርህም። ግንቡ ውስጥ ያለው ቦታ 48 ሄክታር ነው። ቤቱ ከቤት ተጣብቆ፣ መተላለፊያው ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማያሳልፍበት ቦታ አንዱን ሰፈር ኢንተርቬንሽን፣ አጠገቡን ኮንትሮል ብትል ትንኟ ባንድ ቀን ሁለቱንም ትጎበኛለች። በመሃል ክፍት ቦታ የምትተውበት መሬት የለህም። የደንጊዋ ትንኝ በሕይወቷ የምትበርረው በአብዛኛው ከጥቂት መቶ ሜትር አያልፍም፤ ጀጎል ላይ ጥቂት መቶ ሜትር ማለት ደግሞ ብዙ ሰፈር ነው። ለዚህ ስራ ጀጎልን በሙሉ እንደ አንድ ክላስተር ቁጠረው።

ድሬ ላይ ግን ይቻላል፣ ሳቢያን አካባቢ መንገዱ ሰፋ ያለ ነው። የሚሠራበት ዘዴ የተጠበሰ እንቁላል የሚሉት ነው፦ ክዳኑን ለነጩም ለአስኳሉም ታድያለሽ፣ እጭ የምትለኪው ግን አስኳሉ ላይ ካሉት 20 ቤቶች ብቻ ነው። ዳር ያሉት ቤቶች ከጎረቤት ሰፈር የምትመጣውን ትንኝ ይቀበሉልሻል።

ነርስ ከአዲስ ከተማ፦
ቁጥሩ ላይ አልከራከርም፣ በስራው በኩል ግን አንድ ነገር አለ። ቀበሌ ውስጥ ስሠራ ስለኖርኩ ነው። አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ብዙ ሰፈር ትይዛለች። ሰፈሩን በትንንሹ ስትቆራርጪው ያቺው ባለሙያ ጠዋት ኢንተርቬንሽን፣ ከሰዓት ኮንትሮል ላይ ልትሆን ነው። ኮንትሮል ያሉት እናቶች «እነ እንትና ጋ ክዳን ሰጥታለች፣ እኛስ?» ሲሏት ምን ትመልሳለች? ታስተምራለች! ልጇን እንደምታስተምር ታስተምራለች፣ ፕሮቶኮል አይይዛትም። ቡና ላይም ወሬው ይዞራል።

የከዚራ ባዮስታት፦
ነርሷ ያነሳችው ነገር በቁጥር ሲታይ ቀላል አይደለም። በኮንታሚኔሽን፣ ማለትም የኢንተርቬንሽኑ ነገር ወደ ኮንትሮሉ በመሻገሩ፣ ምክንያት ልዩነቱ ከ10 ነጥብ ወደ 8 ቢወርድ፣ ማለትም 40 በመቶ ከ32 በመቶ ጋር ቢወዳደር፣ በአንድ ወገን የሚያስፈልገው 353 መሆኑ ቀርቶ 561 ነው። ያውም ዲዛይን ኢፌክቱ ሳይገባ። ስለዚህ ትንሽ ክላስተር በአንድ በኩል የሚሰጥሽን በሌላ በኩል ሊወስድብሽ ይችላል። ሌላም አለ፦ ሰፈሩ ባነሰ ቁጥር ጎረቤታሞች የበለጠ ይመሳሰላሉ፣ ስለዚህ የቀበሌ አይሲሲ 0.05 ከሆነ የትንሹ ሰፈር ከዚያ ሊበልጥ ይችላል።

ለምሳሌ ኢንዶኔዥያ ዮግያካርታ ላይ የተሠራውን የወልባኪያ (ትንኟ ደንጊን እንዳታስተላልፍ የሚያደርግ ባክቴሪያ) ትራያል እዩ። 24 ክላስተር ብቻ ነው፣ 12 በ12፣ እያንዳንዱም ወደ 1 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ። ትንኟ እንዳትቀላቀል ብለው ትልልቅ አደረጉት። የሠራላቸው ደግሞ ውጤቱ ትልቅ ስለነበረ ነው፤ በ2021 በወጣው ሪፖርት ደንጊን በ77 በመቶ ቀንሷል። ያንቺ ክዳን ከ40 ወደ 30 ነው የሚያወርደው፣ ሩብ ያህል ነው። ያን ያህል ጥቂት ክላስተር አይችልም።

ቁጥር ከጀጎል፦
ነርሷ ትክክል ናት፣ እኔም እስማማለሁ። የምመክረው ክዳን ማደሉን ከመደበኛዋ ባለሙያ ነጥሎ ለዚህ ብቻ ለተመደቡ ሰዎች መስጠት ነው። ካልተቻለ ደግሞ ባለሙያዎቹን በወገን መክፈል። ዕቃ መሆኑ ራሱ ይጠቅማል፤ ትምህርት በቡና ላይ ይተላለፋል፣ ተለክቶ የተሠራ የወንፊት ክዳን ግን በወሬ አይተላለፍም። ለኮንትሮሎቹ ጥናቱ ሲያልቅ ክዳኑ እንደሚሰጣቸው ከመጀመሪያው ንገሯቸው፣ ይህ ለሥነ ምግባር ኮሚቴውም ይጠቅማል፣ ለሰዎቹም ይገባቸዋል።

ለገሀሬ፦
እኔ ግን አሁንም አንድ ነገር አልገባኝም። 10 በመቶ ለማይገኙ ቤቶች የሚጨመረው እንዳለ ይቀጥላል?

ቁጥር ከጀጎል፦
ይቀጥላል፣ ግን ትልቁ ስጋት እሱ አይደለም አቦ። ከ20 ቤት 2ቱ በር ባይከፍቱ ክላስተሩ 18 ይሆናል፣ ብዙም አይጎዳሽም። አንድ ሙሉ ሰፈር ቢወጣ ነው የሚያመው። ወይ ሽማግሌዎቹ አይስማሙም፣ ወይ የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ሰዉ ይነሳል። ስለዚህ ትርፍ መያዝ ያለበት በክላስተር ነው። ሌላው፣ 10 በመቶ መጨመር ሲባል በ1.1 ማባዛት ሳይሆን ለ0.9 ማካፈል ነው። 1,412 ለ0.9 ሲካፈል 1,569 ነው እንጂ 1,554 አይደለም። ትንሽ ልዩነት ናት፣ ግን ዲፌንስ ላይ ይጠይቋታል።

የሳቢያን ልጅ፦
እንግዲህ እንዲህ ላድርገው፦ 80 ክላስተር፣ 40 በ40፣ ከእያንዳንዱ 20 ቤት፣ 1,600 ቤት። በጀቴ ከነበረው ብዙም አይርቅም። ዕጣውን ደግሞ የደቻቱን ወዲህና ወዲያ ለይቼ፣ የውሃውን ፈረቃም አይቼ በስትራታ አወጣዋለሁ። ለአድቫይዘሬ አይሲሲውን ምን ብዬ ልጻፍለት?

ቁጥር ከጀጎል፦
አንድ ቁጥር ብቻ አትጻፊ። ሦስት ጻፊ። 0.02 ከሆነ 52 ክላስተር ይበቃል፣ 0.05 ከሆነ 72፣ 0.10 ከሆነ 106። ሁሉም በ20 ቤት። ከዚያ «80 ይዘናል፣ ይህ አይሲሲው 0.06 እስኪደርስ 80 በመቶ ፓወር ይሰጠናል» በዪ። ከ0.06 በላይ ቢሆን ፓወሩ እንደሚወርድ ሳትደብቂ ጻፊው።

ትንተናውንም ከአሁኑ ወስኚ። ናሙናውን በክላስተር አስልቶ ትንተናውን የቤቶቹን መመሳሰል በማይቆጥረው ተራ ካይ ስኩዌር የሠራ ሰው ልፋቱን ሁሉ ነው ያፈሰሰው። መመሳሰሉን የሚቆጥረውን ሚክስድ ሞዴል መጠቀም ትችያለሽ። ቀላሉን ከፈለግሽ የእያንዳንዱን ሰፈር መቶኛ አውጥተሽ 40ውን ከ40ው ጋር በቲ ቴስት አወዳድሪ፣ አድቫይዘርሽ አይቃወምም። ቤዝላይን ላይም፣ ማለትም ክዳኑ ከመታደሉ በፊት፣ እጭ ለኪ፤ ሰፈሮቹ በፊት የነበራቸውን ልዩነት ትንተናው ውስጥ ስታስገቢ ፓወርሽ ይሻሻላል።

የከዚራ ባዮስታት፦
ካርታውን ስትከፋፍዪ ጻፊልኝ፣ ከከዚራ ጀምሮ እስከ ገንደ ቆሬ ያለውን የቤት ብዛት በሳተላይት ምስል አብረን እንቆጥረዋለን። ክላስተሮቹ በቤት ብዛት በጣም ከተለያዩ ቀመሩ ላይ የሚጨመር ነገር አለ። ከእያንዳንዱ እኩል 20 ቤት ከለካሽ ግን እሱ አያስፈልግሽም።

ነርስ ከአዲስ ከተማ፦
ዳታ ሰብሳቢዎቹ ባትሪ መያዛቸውን አትርሺ። በርሜሉ ጥላ ስር ነው የሚቀመጠው፣ ውስጡ ጨለማ ነው። ያለ ባትሪ የታየ በርሜል ሁልጊዜ «እጭ የለም» ነው የሚባለው።